ሴፕቲክ ታንካችን ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ የራሳችንን ማጣሪያ እንግዛ?

ጥያቄው፦ «ቀበና አካባቢ ያለ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። አምስት ብሎክ፣ 150 አባወራ ነን። ወደ 60 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ የጋራ ሴፕቲክ ታንክ አለን። በየሦስት ሳምንቱ ይሞላል፤ ሽታው መግቢያ መውጫ ያሳጣናል። በየጊዜው ሁለት ቦቴ እናስመጥጣለን፤ መዋጮው ሰውን አማሮታል። አሁን አንድ ድርጅት በኮንቴይነር ተገጣጥሞ የሚመጣ ማጣሪያ ልትከልላችሁ ብሏል። የሚወጣው ውሃ ለመጠጥ ጭምር ይሆናል፣ ለሁሉም ቤት የማብሰያ ጋዝ ይሰጣል፣ ዝቃጩ ለማዳበሪያ ተሸጦ ወጪውን ይመልሳል፣ ሠራተኛም አይፈልግም ይላል። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ጠጠርና ቄጠማ ይበቃችኋል ይላሉ። ሌሎች የመንግሥት መስመር እስኪመጣ እንጠብቅ ባይ ናቸው። በቅርቡ ስብሰባ አለን። ምን ልበላቸው?»

ምላሽ፦

አትግዙ። ቢያንስ አሁን፣ በዚህ ውል አትግዙ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ከማጣሪያው በፊት ከታንኩ ልጀምር፤ ትልቁ አለመግባባት ያለው እዚያ ነው።

ሴፕቲክ ታንክ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አይደለም። ጤነኛ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የሚሠራውም ሞልቶ ነው። በአንድ በኩል ፍሳሽ ይገባል፣ ከባዱ ነገር ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሀል ያለው ውሃ በሌላው በኩል ይወጣል። በገባው ልክ ይወጣል ማለት ነው። ታንክ «ሞላ» የሚባለው መውጫው ሲደፈን ወይም የሚወጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ነው።

እስቲ የናንተን ሂሳብ እንሥራ። በአንድ ቤት አራት ሰው ብንል 600 ሰው ናችሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሰው በቀን 60 ሊትር ብቻ እንያዝ። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ይህ በቀን 29 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። በሦስት ሳምንት 600 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። አንድ ቦቴ አሥር ሜትር ኪዩብ ቢይዝ፣ እናንተ በሁለት ቦቴ ያስነሳችሁት 20 ነው። 580ው የት ሄደ?

ወይ በተሰነጠቀ ግድግዳና በማስረጊያ ጉድጓዱ በኩል ወደ አፈር ገብቷል፣ ወይ ደግሞ ከታንኩ አናት የተሰወረ ቱቦ ወደ ጎርፍ መውረጃው ወይም ወደ ወንዙ ይወስደዋል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ስብሰባው ላይ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ቀበና የሚወስደው ፍሳሽ ከዓይን ይርቃል እንጂ አይጠፋም። ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ሰላጣና ቆስጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። ያ ሰላጣ ተመልሶ የሚበላው እኛው ሳህን ላይ ነው።

ሌላም ነገር ከዚሁ ሂሳብ ይወጣል። በአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ዝቃጭ ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል ብለን እናስላ። ለ600 ሰው 24 ሜትር ኪዩብ ነው። ማስነሳት የሚገባችሁ በዓመት ይህን ያህል ነበር፤ ሁለት ሦስት ቦቴ። አሁን ግን በዓመት 350 ሜትር ኪዩብ ገደማ ታስነሳላችሁ። መዋጮው በአብዛኛው የሚሄደው ውሃ በመኪና ለማመላለስ ነው። ሰው ቢማረር አይፈረድበትም።

መውጫው ለምን ተዘጋ? ሩቅ ሆኜ እርግጠኛውን መናገር አልችልም፤ የተለመዱት ምክንያቶች ግን ይታወቃሉ። አንደኛው አፈሩ ነው። የአዲስ አበባ አፈር በብዙ ቦታ ሸክላነት ያለው ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ ይበዛል። ሸክላ ውሃን ቀስ ብሎ ነው የሚያሰርገው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስብና ዝቃጭ የማስረጊያ ጉድጓዱን ግድግዳ ይለብሰዋል፤ ከዚያ ማስረግ ያቆማል። ለአንድ ግቢ ቤት የሚበቃ ጉድጓድ ለ150 ቤት አይበቃም።

ሁለተኛው ክረምት ነው። በብዙ ግቢዎች የጣሪያው አሸንዳና የግቢው ጎርፍ በአቋራጭ ከፍሳሽ ማንሆሉ ጋር ተገናኝቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ከ2,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ 40 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይወርዳል። ይህ ከቀን ሙሉ ፍሳሻችሁ ይበልጣል። ዝቃጩን ቀስቅሶ ወደ መውጫው ይገፋዋል። ሦስተኛው የምንጥለው ነገር ነው። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የወጥ ቅባት፣ የእንጀራ ፍርፋሪ። እነዚህን አገር ሁሉ ስለሚያውቃቸው አልዘረዝርም። ኮሚቴው በየበሩ ወረቀት ቢለጥፍ ከብዙ ማሽን ይሻላል።

አሁን ወደ ድርጅቱ ተስፋዎች እንምጣ። አራቱንም በየተራ ማየት ይገባል፤ የተወሰነ እውነት ያላቸው አሉና።

«ለመጠጥ ይሆናል» የሚለውን ከጠረጴዛው ላይ አንሱት። በዓለም ላይ ፍሳሽን አክሞ ወደ መጠጥ ውሃ የሚመልስ ከተማ የለም ማለቴ አይደለም። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታደርገዋለች። ግን እዚያ ተከታታይ የማከሚያ ደረጃዎች አሉ። ላቦራቶሪ አለ፣ ቀንና ሌሊት የሚከታተል ባለሙያ አለ። አንድ ደረጃ ቢበላሽ ውሃው ወደ ሰው እንዳይደርስ የሚዘጋ ሥርዓት አለ። ይህን ሁሉ አንድ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አይሸከመውም። ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን ቃል የሚሰጥ ሻጭ ሌላውንም ቃሉን በጥርጣሬ እንድታዩት ያስገድዳል።

«ለሁሉም ቤት ጋዝ» የሚለው በቁጥር ይፈርሳል። ከአንድ ሰው ዓይነ ምድር በቀን የሚገኘው ባዮጋዝ ሁሉም ነገር በተመቸበት ሁኔታ 25 ሊትር ገደማ ነው። ለ600 ሰው 15 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። አንድ ቤተሰብ እንጀራን ሳይጨምር ወጥና ሻይ ለማብሰል በቀን አንድ ሜትር ኪዩብ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በጣም ቢሳካ 15 ቤት ነው። ደግሞም አይሳካም። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በብዙ ውሃ የቀጠነ ነው። ጋዝ የሚሠሩት ረቂቅ ሕዋሳት 35 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሙቀት ይወዳሉ፤ የከተማችን አማካይ ሙቀት ግን 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሚመረተውም ሚቴን (የሚነደው ጋዝ) ቀላል የማይባለው በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ አብሮ ይወጣል። በኔ ግምት ከ150 ቤት አምስት ስድስቱን ቢያዳርስ ጥሩ ነው። ለአምስት ቤት ብላችሁ አራት ፎቅ ድረስ የጋዝ ቱቦ መዘርጋት፣ ቱቦ የሚበላውን የሰልፈር ጋዝ ማጣራትና የእሳት አደጋ መጠበቅ አያዋጣም።

በገጠር ባዮጋዝ ይሠራል አይደል የሚል ሰው ስብሰባው ላይ አይጠፋም። አዎ፣ ይሠራል። እዚያ ግን የሚገባው የከብት እበት ነው። ብዙ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ውሃውም በልክ ነው የሚጨመረው። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

«ዝቃጩ ተሸጦ ወጪውን ይመልሳል» የተባለውም እንደዚሁ ነው። ያ 24 ሜትር ኪዩብ ዝቃጭ አብዛኛው ውሃ ነው። ሲደርቅ ወደ አንድ ቶን ይወርዳል፤ አንድ አይሱዙ እንኳ አይሞላም። ትልቁ ችግር ደግሞ የወስፋት እንቁላል ነው። እንቁላሉ ጠንካራ ነው፣ ታንክ ውስጥ አይሞትም፣ ደርቆም ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ የአየር ጠባይ ዝቃጭ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይቆይ ይላል። ሌላው መንገድ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ደባልቆ ኮምፖስት ማድረግና ክምሩን ከ50 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ነው፤ እሱም በየጊዜው የሚያገላብጥ ሰውና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። መሀል ከተማ ላይ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ፣ ይህን የምታደርጉበት ቦታ የላችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በጣም የሚያሳስበኝም ነው። የማዳበሪያው ሀብት በዋናነት ያለው ዝቃጩ ውስጥ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ነው። ከሰውነታችን የሚወጣው ናይትሮጅን አብዛኛው በሽንት ነው የሚወጣው፤ ሽንት ደግሞ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በአንድ ሰው በዓመት ሦስት ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ብንይዝ፣ የናንተ ግቢ በዓመት ወደ 40 ኩንታል ዩሪያ የሚጠጋ ይለቃል። ይህ ሁሉ አሁን ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ነው የሚገባው። አፈር ውስጥ ናይትሬት ሆኖ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይጓዛል። ከተማችን ከምትጠጣው ውሃ ጉልህ የሆነው ክፍል የሚመጣው በደቡብ በኩል ካሉት የአቃቂ ጉድጓዶች ነው። መሬቱ ወደዚያው ነው የሚያዘነብለው። ስለዚህ «አፈር ውስጥ ይስረግ፣ ምን ችግር አለው» የሚለው ሀሳብ ጉዳት አለው። ጉዳቱ እኛ ጋ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

«ሠራተኛ አይፈልግም» የተባለው ከአራቱ ሁሉ ውድ ሆኖ የሚያስከፍላችሁ ነው። በኮንቴይነር የሚመጡት ማጣሪያዎች በአየር ነው የሚሠሩት። ብሎወር አየር ይነፋል፣ ባክቴሪያዎቹ በዚያ አየር ቆሻሻውን ይበላሉ። ጥሩ ቴክኖሎጂ ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ የሚወጣው ውሃም ንጹህ ይሆናል። ግን መብራት ለጥቂት ሰዓት ከጠፋ ባክቴሪያዎቹ መታፈን ይጀምራሉ። አንድ ሁለት ቀን ከጠፋ ክፉኛ ይዳከማሉ፤ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ለመመለስም ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይወስዳሉ። ትርፍ ዝቃጭ በየጊዜው መውጣት አለበት። ዘይት መቀየር፣ ማጣሪያ ማጠብ፣ ውሃ መመርመር አለ። ሜምብሬን (ውሃውን የሚያጣራ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን) ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሜምብሬኑ ከዓመታት በኋላ ይቀየራል፤ ያም በውጭ ምንዛሪ ነው። በሙያዬ በየግቢው ካየኋቸው የቆሙ ማጣሪያዎች አብዛኞቹ የቆሙት በንድፍ ስህተት አልነበረም። የሚከታተላቸው ሰው ስላልነበረ ወይም የመብራቱ ሂሳብ ከበዳቸውና አንድ ቀን ስለጠፉ ነው።

ሻጩ ምናልባት ያላነሳው የከፍታ ጉዳይም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየር ግፊታችን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ብሎወር፣ በዚያው ፍጥነት እየዞረ፣ የሚሰጠው ኦክሲጅን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ውሃም ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም የሚይዝ ውሃ እዚህ 7 ገደማ ነው የሚይዘው። የኤሌክትሪክ ሞተርና ጄኔሬተርም ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ ጉልበታቸው ይቀንሳል። ካታሎጉ ላይ «ለ600 ሰው» የተባለ ማሽን እዚህ ለ600 ሰው ላይበቃ ይችላል። ሻጩን «ለ2,350 ሜትር አስልታችሁታል? ስሌቱን አሳዩን» በሉት። መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

የጡረተኛው ጎረቤታችሁ ሀሳብ ከዚህ የተሻለ መሠረት አለው፤ ግን እሳቸው እንዳሉት «ጠጠርና ቄጠማ» ብቻውን አይበቃም። ጥሬ ፍሳሽ በቀጥታ ጠጠር ላይ ከለቀቃችሁ በጥቂት ወራት ይደፈናል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የማዝቀጫ ታንክ፣ ቀጥሎ በግድግዳ የተከፋፈለና ውሃው ወደ ታችና ወደ ላይ እየተመላለሰ በዝቃጩ ውስጥ የሚያልፍበት ታንክ፣ ከዚያ የተተከለበት የጠጠር አልጋ። ቄጠማም ፊላም ሸምበቆም ይሆናል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ አንድም ፓምፕ ሳይኖር ይሠራል። መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ዝቃጩም በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚነሳው።

ችግሩ ቦታ ነው። የመሬት ውስጥ ታንኮቹ ለናንተ መጠን ከ60 እስከ 80 ካሬ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ክዳናቸው ጠንካራ ከሆነ ፓርኪንግ ስር መቀበር ይችላሉ። የጠጠር አልጋው ግን ለአንድ ሰው ከግማሽ እስከ አንድ ካሬ ሜትር ይጠይቃል። ይህ ከ300 እስከ 600 ካሬ ሜትር ነው። ቀበና ላይ ይህን ያህል ባዶ መሬት ያለው ኮንዶሚኒየም ካለ ዕድለኛ ነው። ሌላው ገደብ ጀርም ነው። ከጠጠሩ የሚወጣው ውሃ ለዓይን ኩል ቢመስልም ንጹህ አይደለም። ክሎሪን ሳይነካው ልጆች የሚጫወቱበት ሣር ላይ መርጨት አይገባም። ጥሬውን ለሚበላ አትክልትም ፈጽሞ አይሁን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኔ ምክር ይህ ነው፦ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ከከተማው መስመር ጋር አገናኙ፤ የገላና የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ግን አትጣሉት፣ እሱን ለራሳችሁ አስቀሩ።

ግቢ ውስጥ ማከምን እየደገፍኩ መስመሩን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ማከሚያን በየግቢው መበተን የሚያዋጣው መስመር በማይደርስበት ወይም ፍሳሽን በፓምፕ ሽቅብ መግፋት በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። እንደ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉት ትላልቅ ሳይቶች ለብቻቸው ማጣሪያ የተሠራላቸው ለዚህ ነው። የመሀል ከተማው ሁኔታ ሌላ ነው። ከፒያሳ እስከ ቃሊቲ መሬቱ ከ200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፍሳሽ በራሱ ክብደት ይሄዳል። ድሮ በኩሬዎች ይሠራ የነበረው የቃሊቲ ማጣሪያ ዛሬ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተስፋፍቷል። ባለሙያ አለው፣ ላቦራቶሪ አለው። የናንተ 29 ሜትር ኪዩብ ለቃሊቲ ምንም አይደለም፤ ለናንተ ኮሚቴ ግን ከባድ ሸክም ነው። የኮሪደር ልማቱና የወንዝ ዳርቻው ሥራ በመሀል ከተማ ብዙ መንገድ ቆፍሯል፣ መስመሮችም ተነካክተዋል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በፊት «መስመር የለም» የተባላችሁት መልስ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

«እንጠብቅ» የሚሉት ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት አላቸው። መስመሩ ትክክለኛው መፍትሔ ነው። መጠበቅ ግን አይደለም፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ደብዳቤ ጻፉ። «መስመር አለ ወይ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ቅርቡ ማንሆል ከግቢያችን ስንት ሜትር ይርቃል? የማንሆሉ ወለል ጥልቀት ስንት ነው? ከኛ መውጫ ዝቅ ይላል ወይስ ከፍ? ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኝ ናቸው። 30 ሜትር ላይ ያለ ማንሆል ከናንተ ከፍ ብሎ ከሆነ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል። 150 ሜትር የራቀው ዝቅ ካለ ግን በቱቦ ብቻ ትደርሳላችሁ። ወንዝ ዳር ያሉ ግቢዎች ብዙ ጊዜ ከመንገዱ መስመር በታች ስለሚወድቁ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የጎረቤት ሕንፃዎችም አብረው ከፈረሙ ጥያቄው ክብደት ያገኛል፤ የቁፋሮው ወጪም ይከፋፈላል። ማኅበራችሁ በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተመዘገበ ከሆነ በራሱ ስም መዋዋል ይችላል። ካልሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

አሁን ወደ ሀብቱ ልመለስ፤ እኔ እውነተኛ ጥቅም የማየው እዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከፍሳሽ የሚመለሰው ትልቁ ሀብት ጋዝ አይደለም፣ ኮምፖስትም አይደለም። ውሃው ራሱ ነው። ከገላ፣ ከእጅ መታጠቢያና ከልብስ የሚወጣው ውሃ ከጠቅላላው ፍሳሽ ግማሽ ገደማ ይሆናል። የሽንት ቤቱን ያህል ጀርም የለበትም። ለማከም በጣም ይቀላል። በየቤቱ እናቶች ልብስ ያለቀለቁበትን ውሃ በባልዲ አስቀምጠው ሽንት ቤት ያፈሱበታል። በከተማችን እስከ ዛሬ ከታየው መልሶ መጠቀም ሁሉ ርካሹና ሰፊው ይኼ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

ይህን በግቢ ደረጃ ለማድረግ ማንሆሎቹን ከፍታችሁ እዩ። በብዙ ሕንፃዎች የሽንት ቤቱ ቱቦና የመታጠቢያው ቱቦ ለየብቻ ወርደው ውጪ ማንሆሉ ላይ ነው የሚገናኙት። የናንተም እንዲህ ከሆነ ግድግዳ ሳታፈርሱ መለየት ይቻላል። በአንድ ብሎክ ጀምሩ። ከ30 ቤት፣ ከ120 ሰው፣ በቀን ሦስት ሜትር ኪዩብ ያህል የመታጠቢያ ውሃ ታገኛላችሁ። የፀጉርና የሳሙና አረፋ የሚይዝ ትንሽ ማዝቀጫ፣ ከዚያ ከ30 እስከ 60 ካሬ ሜትር የጠጠር አልጋ ይበቃዋል። አልጋው የግቢው አረንጓዴ ቦታ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ከጠጠሩ በታች ስለሚሄድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ትንኝም አያፈራም። በሚወጣው ውሃ ዛፍና አበባ አጠጡ፣ ግቢ እጠቡ። የወጥ ቤቱን ውሃ ግን አታስገቡ። የወጥ ዘይት ጠጠሩን ይደፍነዋል።

ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። ያልታከመ የመታጠቢያ ውሃ ከአንድ ቀን በላይ ሮቶ ውስጥ አይቀመጥ፤ ይበላሻል፣ እንደ ፍሳሹ ይሸታል። የታከመው ውሃ ቱቦ ቀለሙ የተለየ ይሁን፤ በየቧንቧው ላይ «ለመጠጥ አይሆንም» ተብሎ ይጻፍ። ከንጹህ ውሃ መስመር ጋር በአንድም ቦታ እንዳይገናኝ። ይህን አጥብቄ የምለው በፈረቃችን ምክንያት ነው። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይስባል። በዚያች ቅጽበት አንድ የተሳሳተ መገጣጠሚያ የአትክልቱን ውሃ ወደ ሰው ማድጋ ሊያስገባ ይችላል። ወደየቤቱ ሽንት ቤት መልሳችሁ ለመውሰድም አሁን አትሞክሩ። ሁለተኛ ቱቦ በየፎቁ መዘርጋት በቆመ ሕንፃ ላይ ውድ ነው። አዲስ ለሚገነቡት ግን፣ ካዛንቺስም ሆነ ሰንጋ ተራ፣ ሁለት መስመር ገና በግንባታው ቢዘረጋ ጭማሪው ትንሽ ነው፤ አልሚዎች ዛሬውኑ ሊያስቡበት ይገባል።

ባለሥልጣኑ «መስመር በቅርብ ዓመታት አይደርስም» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰላችሁ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ የግቢ ማጣሪያ ያስፈልጋችኋል። ቦታ ካላችሁ የጎረቤትዎን መንገድ ያዙ፤ በመሐንዲስ ተሰልቶ ይሠራ። ቦታ ከሌላችሁ በአየር የሚሠራው ይቀራል። ያን ጊዜም ብቻችሁን አትግዙ። አጠገባችሁ ያለው ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም ሌላ ኮንዶሚኒየም ቢጨመር የአንድ ቋሚ ቴክኒሻን ደመወዝ መክፈል ይቻላል። ለ150 ቤት ብቻ ግን ደመወዙ፣ መብራቱና መለዋወጫው አሁን ከምታማርሩበት መዋጮ ሊበልጥ ይችላል። ተጣርቶ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ካለም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከተማው የወንዝ ብክለት ላይ ደንብ አውጥቶ እየቀጣ ነው፤ ቅጣቱ የሚመጣው ማሽኑን በሸጠው ላይ ሳይሆን ግቢው ላይ ነው።

በውሉ ላይ እነዚህ ካልገቡ አትፈርሙ፦ ለአዲስ አበባ ከፍታ የተሠራ የአየር ስሌት፣ ሁለት ብሎወር (አንዱ ሲበላሽ አንዱ የሚተካ)፣ ጄኔሬተር፣ ድርጅቱ ራሱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚያንቀሳቅስበት ግዴታ፣ በየወሩ በገለልተኛ ላቦራቶሪ የሚመረመር ውሃ። ከክፍያውም ዳጎስ ያለው አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ ውጤቱ እስኪታይ ድረስ ይያዝ። በኅዳር የሚሠራ ማጣሪያ ሐምሌ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

እስከዚያው በዚህ ወር የምትሠሩት ሥራ አለ። አሸንዳውንና የግቢውን ጎርፍ ከፍሳሹ ለዩ፤ ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቅ። በሚቀጥለው ማስመጠጥ ጊዜ ውሃውን ብቻ ሳይሆን የታችኛውን ዝቃጭ እንዲያነሱ ቆማችሁ አሠሩ፤ ብዙ ጊዜ ከላይ ያለውን ቀጭን ውሃ ሞልተው ይሄዳሉ። ታንኩ ባዶ ሲሆን የመውጫውን ቱቦ ከላይ ሆናችሁ በባትሪ እዩ፣ ወዴት እንደሚሄድም ቀለም አፍስሳችሁ ተከታተሉ። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ነጭ ጨርቅ የተጠመጠመበት ረጅም እንጨት አስገብታችሁ የዝቃጩን ከፍታ ለኩ። የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲደርስ አስነሱ፤ ሳይደርስ አትክፈሉ። «ባክቴሪያ ነው፣ ታንክ ያጸዳል» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠውን ዱቄት አትግዙ፤ ባክቴሪያው በራሱ አለ። በረኪና በጆግ እያፈሰሱ ያለውን መግደል ግን ይቁም።

ማንም ሰው፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ጥሩ ገንዘብ የተከፈለው የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ታንኩ ውስጥ አይግባ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ ያለው ጋዝ በአንድ ሁለት ትንፋሽ ሰው ይጥላል። ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል። ይህ በየአገሩ የሚደጋገም አሟሟት ነው። መግባት ግድ ከሆነ የአየር መለኪያ፣ የመተንፈሻ መሣሪያና ገመድ ያለው ቡድን ይምጣ፤ እሱ እስኪመጣ ክዳኑ በቁልፍ ይዘጋ። ልጆች ያሉበት ግቢ ነውና የክዳኑን ቁልፍ ጉዳይ ለስብሰባው አታቆዩት፤ ዛሬ አስሩት።